የሹፌሩ ፎቶግራፍ

መስከረም 27 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና ነኝ ስልሽ ግን ይበልጥ ስለምትጠረጥሪኝ ተውኩት። ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ሴት አሁን ደጅሽ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ አስገቢያት፣ ውሃ ስጫት፣ በሩን ዝጊ፣ ከዚያ ታነቢዋለሽ። ሳላስፈቅድሽ ስለላክኋት ይቅርታ አድርጊልኝ። ላስፈቅድሽ ብል መልስሽ እስኪደርስ በሕይወት መቆየቷን እንጃ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተሽ ስለ ፎቶ መብራት እንደ ለማጅ የምትጠይቂኝ ምን ነክቶሽ ነው?» ላልሽኝ፣ የነካኝ የእሷ ነገር ነው። ከስቱዲዮዬ ግድግዳ ለግድግዳ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። አምና የላክሁልሽን ሰማያዊ ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት። ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ወደዚህ ከተማ የመጣው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ አታውቂውም፤ እሱም እህት እንዳለኝ አያውቅም።

በቀደም ጉርድ ፎቶ ልነሳ ብላ መጣች። እንደ ልማዴ ዋናውን ባውዛ በጎኗ አቁሜ በካሜራው ሳያት፣ በባዶ ዓይኔ ያላየሁትን አየሁ። ፊቷን ዱቄት ቀብታዋለች። ከፊት ለፊት ሲያዩዋት ምንም የላትም። ብርሃኑ ከጎን ሲመታት ግን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ያበጠው ሁሉ ጥላ አወጣ። እኔ ካሜራውን ማስተካከል ቀጠልኩ። እሷ ግን «መብራቱን ወደ ፊት ለፊት ብታመጪው አይሻልም?» አለችኝ። የት ተማረችው ብዬ ገረመኝ። ለካ በየሰዉ ቤት፣ በየሱቁ የምትቆምበትን ቦታ ስትመርጥ የኖረችው እንዲህ ነው፤ ብርሃን ፊት ለፊት የሚያገኛት ቦታ ላይ ነው የምትቆመው።

ሁለት ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ሸሽታ፣ እናቷ ሁለቱንም ጊዜ እጇን ይዛ መልሳ ለእሱ አስረክባታለች። በሁለተኛው ጊዜ «ከእንግዲህ ከወጣሽ የሚመለሰው ሬሳሽ ነው» ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ መርፌዋን አላቆመችም። ድንበር ማዶ ያለ ስፌት ቤት ሊቀጥራት ጽፎላታል። የጉዞ ወረቀት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያለው አንቺ ከተማ ነው። ወረቀቷ እስኪወጣ ብቻ አስጠጊልኝ። አውቶቡስ እንዳትሳፈር ሹፌሮቹ ሁሉ ጓደኞቹ ናቸው፤ ስለዚህ በሽንኩርት መኪና ላክኋት።

ስልክ አትደውዪ። ስልኩ ያለው ባለ ሱቁ ጋ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ እህል ሳይቀምስ ይውላል እንጂ ወሬ ሳይሰማ አይውልም።

ታናሽሽ


ጥቅምት 6 ቀን

ለቦቅቧቃዋ እህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። «ዕቃው ደርሷል» ብዬ በምስጢር ልጽፍልሽ አሰብኩና ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ደርሳለች። ቤቱ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የመጣች ቀን ዓይኔ ያነባው አዝኜላት ይሁን በሽንኩርቱ እኔም አላወቅሁም።

ትተኛለች ወይ ላልሽው፣ አትተኛም። ትበላለች ወይ ላልሽው፣ ቆማ ትበላለች። የምትቀመጠው በሩ ከሚታያት ቦታ ብቻ ነው። የሚገርምሽ፣ የምታርፈው ጨለማው ክፍል ውስጥ ነው። በር አለው፣ ከበሩ ቀጥሎ ጥቁር መጋረጃ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የለም። ሥራ ፈትታ ከምትብሰለሰል ብዬ ፎቶ ማጠብ አስተማርኳት። የመጀመሪያ ቀን ከደጁ ፀሐይ እንደገባች ዕውር ሆና ሳህኑን ከነመድኃኒቱ ገለበጠችው። የሁላችንም ወግ ነው፤ አንቺማ የአባባን ካሜራ ነው የገለበጥሽው። አሁን ግን ግማሽ ቀን እዚያ ስለምትውል ዓይኗ ለምዷል። ፎቶ ስናጥብ የምናበራትን ቀይ አምፖል አጥፍቼባት እንኳ መቆንጠጫውን አንስታ ትሰጠኛለች።

አንቺ ያነሳሻትን ጉርድ አልተጠቀምኩበትም። ፊት ለፊት በሚመታ ብርሃን እብጠቱን ደብቀሽላታል፤ ግን አፍንጫዋንም አጥንቷንም አብረሽ ደብቀሽዋል፤ ፊት ሳይሆን ሳህን ነው የሚመስለው። እብጠቱ እስኪወርድ ጠብቄ፣ መብራቱን ከላይ አድርጌ እንደገና አነሳኋት። ፎቶውን ስታይ «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የጉዞ ወረቀቷ በወሩ መጨረሻ ይወጣል ብሏል።

አንቺ ደግሞ በር ሲንኳኳ አትዝለዪ። ሹፌር ነው እንጂ ጅብ አይደለም።

ታላቅሽ


ጥቅምት 14 ቀን

እትዬ፣

በር ሲንኳኳ አትዝለዪ ላልሽኝ፣ ሹፌሩ አላንኳኳም። ፎቶ አትሜ ከጨለማው ክፍል ስወጣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነስቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ። እትዬ፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም እኮ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢጮህ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፤ ይገላግለኝ ነበር።

አብራው የልብስ ሰፊዋ እናት ነበረች። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ያባብላታል። ሚስቱ አእምሮዋ ትንሽ እንደታወከ፣ ከቤት እንደወጣች፣ አውላላ ሜዳ ላይ ወድቃ እንዳትቀር እንደሚፈራ ነገረኝ። ሰፈሩ ሁሉ አምኖታል። ባለ ሱቁ ከንፈሩን ይመጥለታል። እናትየው እጁን ይዛ «ልጄ፣ ልጄ» ስትለው፣ ባላውቅ እኔም የወለደችው ይመስለኝ ነበር።

የፈለገው ፎቶ ነው። ሠርጋቸውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ፊልሙ እኔ ዘንድ እንዳለ ያውቃል። የእሷን ፊት ብቻ አሳድጌ በብዙ ቅጂ እንዳትምለት፣ በየአውቶቡስ ጣቢያው እንዲለጥፈው ጠየቀኝ። ፊልሙ ጠፋ ልል አሰብኩ፤ የፊልሞቹ ሳጥን ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ ሠርጉ ደግሞ በእጄ ጽሕፈት ተጽፎበታል። «እንጠብቃለን» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ጨለማው ክፍል ገብቼ ፊልሙን ማጉያው ላይ ሳስገባ እጄ አንድ ነገር ሠራ። ገለበጥኩት። ተሳስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ከግራ ዓይኗ ሥር ያለችው፣ ማርያም የሳመቻት የምንላት ጥቁር ምልክት ወደ ቀኝ ሄደች። ምልክቱን ብሎ የሚፈልጋት ሁሉ ይሳሳት ብዬ ነው። ሌላኛውን ጉንጯን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ብርሃን አብዝቼ አጠቆርኩት፤ ወረቀት ብርሃን ሲበዛበት አይደል የሚጠቁረው።

ፎቶውን ተቀብሎ ረዘም አድርጎ አየው። «የሆነ ነገር…» አለና ተወው። አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ የበላሁትን አላስታውስም። መልካም አደረግሁ ወይስ ራሴን አስበላሁ?

ታናሽሽ


ጥቅምት 20 ቀን

አንቺ ጉደኛ፣

ሳነበው ሳቅሁ፤ ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አባባ ሁለታችንንም ሲያስተምረን ፊልም የገለበጥን ቀን እራት አይሰጠንም ነበር። አሁን ሆን ብለሽ ገለበጥሽ። ጎበዝ ልልሽ ነበር፤ ግን አስቢው። ጣቢያ ላይ ፎቶውን የሚያይ ተሳፋሪ ቢሳሳት ደግ። እሱ ግን ከዚያ ጉንጭ አጠገብ ሲያድር የኖረ ሰው ነው። ዛሬ «የሆነ ነገር» ብሎ ያለፈው አንድ ቀን ሲላጭ፣ ወይ ሲነዳ ይገባዋል። የገባው ቀን የሚመጣው ወደ እሷ አይደለም፤ የት እንዳለች አያውቅማ። ወደ አንቺ ነው። ያን ቀን ተሳስቼ ነው በዪ። እንደ ለማጅ አልቅሺ። ማልቀስ ለአንቺ ብርቅ አይደለም።

ለእሷም ፎቶዋን እንደገለበጥሽው ነግሬያታለሁ። ደብዳቤሽን አንብቤላት ስጨርስ መስታወት ፊት ሄዳ ምልክቷን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ወደ ጨለማው ክፍል ገባች።

ጸሐፊው ዘንድ ትናንትም ሄጄ ነበር። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው አለኝ። ፈራሚው ግን ታሟል ይላሉ።

ታላቅሽ


ጥቅምት 26 ቀን

እትዬ፣ ቶሎ አስወጫት።

ዛሬ ጠዋት ከሥራው ፈቃድ ወስዷል። ባለ ሱቁ ነው የነገረኝ። ጣቢያ ላይ የለጠፈው ምንም አልያዘለትም። አሁን ግን «ከአገር የምትወጣ ሴት ጉርድ ፎቶ ሳትነሳ አትወጣም» ብሏል አሉ። ፎቶ ቤት ለፎቶ ቤት እየዞረ ሊጠይቅ ነው። ያንን የገለበጥኩትን ፎቶ ይዞ በእናንተ መንገድ ሄዷል። ፎቶ ቤት፣ እትዬ! እኔ ወዳንቺ ስልካት ይህ ለምን አልታየኝም? ከሰው ቤት ሁሉ መርጬ ሊፈልጋት የሚመጣበት ቤት ሰደድኳት።

የትም ውሰጃት። 


ኅዳር 2 ቀን

ለእህቴ፣

በመጀመሪያ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት አንቺን ስለማውቅሽ ነው፤ ሌላውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። «ቶሎ አስወጫት» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት፣ ማክሰኞ ነው። እሱ የመጣው ሰኞ ነው።

አንድ ሕፃን አንስቼ እናቱን ሸኝቼ ባውዛዎቹን ገና አላጠፋሁም። እሷ ጨለማው ክፍል ገብታ ፎቶ ታጥባለች። ቆቡን አውልቆ እንደገባ፣ ፎቶውን ከማውጣቱ በፊት በድምፁ አወቅሁት። እውነትሽን ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ፎቶውን ሰጠኝ። የአንቺን እጅ የትም አውቀዋለሁ፤ ጉንጯን ያጠቆርሽው እንደ ጀማሪ አይደለም። አላየኋትም አልኩት። አልተቀየመም። ግን ይህ ፎቶ ችግር አለበት አለኝ። የሚስቱ ምልክት በግራ ጉንጯ እንደሆነ፣ እዚህ ግን በቀኝ እንደሆነ፣ መንገድ ላይ ሻይ ሲጠጣ እንደገባው ነገረኝ። ፎቶ አንሺዋ አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ ያደረገችው፣ ሲመለስ ሊጠይቃት እንደሚፈልግም በዚያው በለስላሳ ድምፁ ነገረኝ። እህቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውን ረሳኋትና አንቺን አሰብኩ።

ሳቅሁ። ሳቁ ከየት እንደመጣ እንጃ። ያቺ የናንተ ፎቶ አንሺ ዘልዛላ ናት አልኩት። ፊልም በሁለቱም ፊቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሞኝ ይገለብጠዋል፣ የእኔም ለማጆች ነጋ ጠባ ይገለብጡታል፣ እንዲህ ያለችዋን እኔ ወለል እንድታጠብ እንኳ አልቀጥራትም አልኩት። ስምሽን ደህና አድርጌ አጠፋሁት። ፈገግ አለ። ያመነኝ መሰለኝ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብሎ አየና «የት ነው የማውቅሽ?» አለኝ።

አባባ ለሁለታችን እኩል ያካፈለንን ይህን አፍንጫ እንደዚያች ሰዓት ጠልቼው አላውቅም። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ባውዛው ጀርባ ሄድኩ። ከመብራት ጀርባ የቆመ ሰው ፊት አይታይም፣ ታውቂዋለሽ። እዚያ እንደቆምኩ እንድቆይ ደግሞ ሰበብ ያስፈልገኝ ነበር። ማስታወቂያህ ላይ ያንተም ፎቶ ይኑር፣ ሰው ያገኛት እንደሆነ ለማን እንደሚነግር ይወቅ አልኩት። አሰበበትና ኮሌታውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ሁለቱንም ባውዛ ፊቱ ላይ አዞርኩበት። ወደ መብራቱ ተመልከት፣ ዓይንህን እንዳትጨፍን አልኩት። እያበላሸሁ ሦስቴ አራቴ አነሳሁት። የማስበው አፍንጫዬን ብቻ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከወንበሩ ሲነሳ የማጠቢያውን ውሃ ሰማ። ከውስጥ ማን አለ አለኝ። ማንም፣ ፎቶ በሚፈስ ውሃ ነው የሚታጠበው አልኩት። እንዴት እንደሚታጠብ አይቶ እንደማያውቅ፣ ቢያየው ደስ እንደሚለው ነገረኝና ወደ በሩ ሄደ። አይሆንም ማለት ነገሩን መንገር ነው። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወረቀት አለ፣ ብርሃን ከገባ ይቃጠላል፤ በሩን ከኋላህ ዝጋና መጋረጃውን ግለጥ» አልኩት። ገባ። በሩን ዘጋው።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ያየሁት የለም። የሰማሁት ውሃውን ብቻ ነው። የባውዛውን ብረት ማቆሚያ ነቅዬ በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ መቼ እንደነቀልኩት አላስታውስም። ሰው መሆን እንዲህ ይከብዳል እንዴ እል ነበር። ስትቦቀቦቂ ስቀልድብሽ የኖርኩትን ሁሉ ይቅር በዪኝ፣ ፍርሃት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዓይኑን እያሸ ወጣ። «ምንም አይታይም እኮ፤ መቃብር ነው። እንዴት ነው የምትሠሪበት?» አለኝ። ይለመዳል አልኩት። ብረቱን ከኋላዬ አስደግፌዋለሁ። ፎቶው ለሐሙስ እንዲደርስለት፣ ሁለት ቅጂ እንዲሆን ነገረኝ። አንዱ ለማስታወቂያው ነው። ሌላው ለአማቱ ነው፤ ስለ እሱ እየተጨነቀች እንቅልፍ አጥታለች አለ።

እሱ እንደሄደ ደጁን ዘግቼ ወደ እሷ ገባሁ። ቀይ አምፖሏን አበራኋት። በመጋረጃውና በማጠቢያው መካከል ቀጥ ብላ ቆማለች። እጁን ቢዘረጋ ይነካት ነበር። ቀስ ብላ የነገረችኝ ይህን ነው። ድምፁን እንደሰማች አምፖሏን አጠፋች። መጋረጃውን ገልጦ ፊት ለፊቷ ቆመ። እሱ ከባውዛው የመጣ ስለሆነ ዕውር ነበር። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ስለነበረች በበሩ ሥር በምትገባው ክር በምታህል ብርሃን ታየዋለች። ዓይኖቹን አፍጥጦ ልክ ፊቷን እያየ ነበር፣ ግን አላያትም። ትንፋሿን ይዛ ቆየች። ቀሚሷ ከታች ርሷል። ውሃ ነው አልኳት። አዎ ውሃ ነው አለችኝ። አጠብኩላትና ሁለታችንም አላነሳነውም።

ትናንት ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። የውሸት ላለቅስ ነበር የሄድኩት፤ የእውነቱ መጣና ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ወረቀቷን አስፈርመው ሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት የሚወስዳት መኪና እስኪመጣ ሥራ ልያዝ ብዬ የእሱን ፊልም አተምኩ። ብትነግሪኝ አላምንሽም ነበር፤ በዚህ ቤት ካነሳኋቸው ሁሉ አምሮ የወጣው እሱ ነው። ሁለቱ ባውዛዎች ፊቱ ላይ አንድ ጥላ አላስቀሩም። ዓይኑ መብራቱን ሲያይ ስላነባ፣ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ይመስላል። አጠቁሬ ላበላሸው አሰብኩ። ቢያውቅብኝስ ብዬ ፈራሁና እንዳለ ተውኩት።

ሁለቱን ቅጂ ገመድ ላይ አንጠልጥያቸው ሳለ ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበተኝ ገባች። ልጋርዳቸው ብል አልደረስኩም። የሚያንጠባጥበውን ፊት ከላይ እስከ ታች አየችው። ሁለተኛው ለማን ነው አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም፣ ለእናትሽ ነው አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ትክክል ነው። እናቴ የምታየው ይኼንን ሰውዬ ነው» አለችኝ። ሻንጣዋን አስተካክላ ይዛ ደግሞ «እኔም ብሆን አምነው ነበር» አለች።

 አቅፌያት መኪናው ድረስ ሸኘኋት። የት ከተማ እንደምትወርድ ልትነግረኝ ስትል አትንገሪኝ አልኳት፤ አንቺም አትጠይቂኝ። ድንበሩን ዛሬ ከሰዓት ታልፋለች። ስቱዲዮሽን ለጥቂት ሳምንት ዝጊና እኔ ዘንድ ነይ፣ በአውቶቡስ ግን አትምጪ። እሱ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሁለቱንም ፎቶ አድርቄ ፖስታ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። «አምሮብሃል» ማለት ይኖርብኛል፣ ከአሁኑ እየተለማመድኩት ነው።

እህትሽ